ውኃው ከታንኩ አልወርድ ሲል
ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለማኅበረ ምእመናን የጥናት ጊዜ የተዘጋጀ ትምህርት

በድርቅ ወራት ውኃ በመኪና ተጭኖ ወደ ተቸገሩ ቀበሌዎች ሲመላለስ የሁላችንም አሳብ የሚያርፈው በመኪናው፣ በነዳጁና በመንገዱ ላይ ነው። መኪናው ከደረሰ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን ሥራው የሚያልቀው ውኃው ከታንኩ ወጥቶ በእናቶች ጀሪካን ውስጥ ሲገባ ነው። በዚህች በመጨረሻዋ የአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሥራው የሚሰናከልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ታንኩ ሙሉ ነው፤ ቧንቧው ተከፍቷል፤ ውኃው ግን እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። አንዳንድ ጊዜም ጥቂት ይፈስና ቀጥ ይላል፤ ከዚያም ታንኩ ጠግቦ እንደሚያገሳ ሰው ጉርግር ብሎ እንደገና ጥቂት ይፈሳል።

የዚህ ትምህርት ዓላማ የመዘግየቱን ምክንያት ለይቶ ማወቅና በእጅ ባለ መሣሪያ ማስተካከል ነው። ለምሳሌ የምንወስደው በአይሱዙ የጭነት መኪና ላይ የሚጫነውን፣ በተለምዶ ሮቶ የምንለውን 2,000 ሊትር የፕላስቲክ ታንክ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ በክሊኒክ ጣሪያ ላይ ለተሰቀለ ታንክም ሆነ በፒክአፕ ለተጫነ በርሜል ያው ነው።

መዘግየቱ ለምን ያሳስበናል?

የእርዳታ ድርጅቶች በጋራ የሚመሩበት ስፌር የተባለው የመመዘኛ መጽሐፍ አለ። 4ኛው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በዚህ መጽሐፍ መሠረት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ ማግኘት አለበት፤ አንድ የቧንቧ አፍ ከ250 ሰው በላይ እንዳያገለግል፣ በወረፋ መቆየትም ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይላል። ይህ ሁሉ የታሰበው ግን አንዱ የቧንቧ አፍ በደቂቃ 7.5 ሊትር ሲሰጥ ነው። በጀሪካን ብናስበው፣ 20 ሊትር የሚይዘው ጀሪካን በ2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ መሙላት አለበት ማለት ነው።

እንግዲህ አንዲት እናት ከፊቷ 10 ሰው ቢኖር፣ ቧንቧው በደንብ ሲሠራ ወረፋዋ ከ27 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ይደርሳል። ውኃው ቀጥኖ አንዱ ጀሪካን 8 ደቂቃ ቢፈጅ ግን 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ መቆም ይኖርባታል። ከወረፋ መጀመሪያ የሚወጣው ማን እንደሆነ በሥራው ላይ የቆዩ ሁሉ ያውቁታል። ሽማግሌው፣ ሕፃን ያዘለችው፣ ቤቷ ሩቅ የሆነባትና ከመምሸቱ በፊት መድረስ ያለባት ናቸው። እነዚህ ጀሪካናቸውን አንሥተው ወደ ኩሬው ይሄዳሉ። ጉልበት ያላቸው ወጣቶች ደግሞ መኪናው ላይ ወጥተው፣ ክዳኑን ከፍተው በጣሳ መጥለቅ ይጀምራሉ። በውኃው ውስጥ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲቀር ተብሎ የተደከመበት ሥራ፣ አንድ ያልታጠበ ክንድና አንድ ከመሬት የተነሣ ጣሳ ሲገቡበት ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ነው ቀጭን ውኃ የቧንቧ ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ ነው ብለን የማናልፈው።

አየር ካልገባ ውኃ አይወጣም

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመለከተው ጎማውንና ቧንቧውን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ላይ ወጥታችሁ ክዳኑን ተመልከቱ እላለሁ። ምክንያቱን ለመረዳት በማኅበረ ምእመናኑ ፊት ልታደርጉት የምትችሉት ቀላል ሙከራ አለ። ሃይላንድ የምንለውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰዱ፤ ከሥሩ ሁለት ጣት ከፍ ብላችሁ በጋለ ቀጭን ምስማር ብሱት። ቀዳዳውን በጣት ይዛችሁ ውኃ ሙሉና ቡሹን አጥብቃችሁ ዝጉት። አሁን ጣታችሁን ልቀቁ። ውኃው ጥቂት ይንጠባጠብና ይቆማል። ቡሹን ስታላሉት ወዲያው ይፈሳል፤ ስታጠብቁት ይቆማል። ይህን ያዩ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁታል፤ ትልልቆቹም ቢሆኑ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር ክብደት አለው፤ በሁሉም ነገር ላይ ከሁሉም አቅጣጫ ይጫናል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1643 በሜርኩሪ የተሞላ የመስታወት ቱቦ ተጠቅሞ ያሳየው ኢጣሊያዊው ኢቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ ነው። ከታንክ አንድ ሊትር ውኃ ሲወጣ፣ በእግሩ አንድ ሊትር አየር መግባት አለበት። መግቢያ ከሌለው በታንኩ ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል፤ ከውጭ ያለው አየርም በቧንቧው አፍ በኩል ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል።

ምን ያህል? በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 10 ሜትር ከፍታ ካለው ውኃ ጋር ይመጣጠናል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ስፍራ ግን ወደ 8 ሜትር ግድም ዝቅ ይላል። ሮቶው ሞልቶ ከላዩ 100 ሊትር የሚያህል ባዶ ስፍራ ቀረ እንበል። ክዳኑ አየር አያሳልፍም። 10 ሊትር ውኃ ሲወጣ ያ አየር 110 ሊትር ስፍራ መሙላት ስላለበት ግፊቱ ከ11 እጅ አንዱን ያጣል፤ ይህም በደጋው አገር ከ70 ሳንቲ ሜትር የውኃ ከፍታ ጋር እኩል ነው። ውኃው ከመውጫው በላይ ያለው ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ቢሆን፣ ግማሽ ጀሪካን ሳይቀዳ ከግማሽ በላይ ኃይሉን አጣ ማለት ነው። ታንኩ እንደ ብረት የማይለመጥ ቢሆን ኖሮ አንድ ጀሪካን ሳይሞላ ፍሰቱ ፈጽሞ በቆመ ነበር። ፕላስቲክ ስለሆነ ግን ጎኑ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ በቧንቧውም አፍ በኩል አየር እየሳበ ይጎረጉራል። ጎኑ የጎበጠ ሮቶ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልጋችሁም።

ክዳኑ ለምን እንዲህ ይጠብቃል? ሾፌሩና ረዳቱ በክፋት አያደርጉትም። በፒስታ መንገድ ላይ ውኃው እየተናወጠ በክዳኑ ሥር ይረጫል፤ አቧራውም ይገባል። ስለዚህ ፌስታል ያደርጉበትና በገመድ አጥብቀው ያስሩታል። የታንኩ ትንሽ መተንፈሻ ካለም በጨርቅ ይወትፉታል። ለመንገዱ ልክ ነው፤ ለማከፋፈሉ ግን አይሆንም። ከደረሱ በኋላ የሚፈታው ሰው ካልተመደበ እንደታሰረ ይቀራል።

ችግሩ የእርዳታ መኪና ብቻም አይደለም። በአሜሪካ አገር በፒክአፕ ጀርባ ላይ ተጭኖ ለሽርሽር የሚኬድበት ካምፐር የሚባል ትንሽ ቤት አለ። አልጋና ምድጃ፣ የመጠጥ ውኃ ታንክም አለው። ባለቤቶቹ የበረዶው ወራት ሳይገባ፣ ውኃው ረግቶ ቧንቧውን እንዳይሰነጥቅባቸው ታንኩን ባዶ ያደርጋሉ። ማፍሰሻው ብዙ ጊዜ ግማሽ ኢንች ብቻ ስለሆነ ሥራው በራሱ ረጅም ነው፤ አየር የሚያስገባው ቀጭን ጎማ ሲታጠፍ ወይም የጭቃ ተርብ ቤቷን ስትሠራበት ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል። በዚያም ቢሆን አዋቂ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የመሙያውን ክዳን መክፈት ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ

መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ 20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ያዙ። ታንኩ እንዳለ፣ ክዳኑ እንደታሰረ፣ ጀሪካኑ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ለኩና ጻፉ። ከዚያ ክዳኑን ክፈቱና እንደገና ለኩ። ፍጥነቱ በግልጽ ከጨመረ ምክንያቱ አየር ነው፤ ቧንቧውን መፍታት አያስፈልግም። ለውጥ ከሌለ ግን ጎማውን ከታንኩ ቫልቭ ላይ አላቅቁና ከቫልቩ በቀጥታ ለኩ። አሁን ከፈጠነ ጥፋቱ በጎማው ላይ ነው። አሁንም ካልፈጠነ በቫልቩ ወይም በታንኩ መውጫ ላይ ነው። ሦስት ልኬት፣ ሦስት ቁጥር፤ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ሁሉንም ይፈታታል፤ ሲገጥመው ደግሞ ቀድሞ ያልነበረ ማንጠባጠብ ይጨምርበታል።

ልኬቶቹን ስታደርጉ የውኃው ከፍታ ተቀራራቢ መሆን አለበት። ይኸው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ከቀዳዳ የሚወጣ ውኃ ፍጥነት ከበላዩ ባለው የውኃ ከፍታ ይወሰናል፤ ነገር ግን እኩል በእኩል አይደለም። ከፍታው ወደ ሩብ ሲወርድ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ በ1 ሜትር ከፍታ ላይ 2 ደቂቃ የፈጀ ጀሪካን በ25 ሳንቲ ሜትር ላይ 4 ደቂቃ ቢፈጅ ታንኩ አልተበላሸም። ማለዳ በፍጥነት ይፈስ የነበረው ወደ ቀትር ሲቀዘቅዝ «ተደፈነ» ብሎ ቧንቧ መፍታት ከንቱ ድካም ነው።

ጎማው ሲሆን ማረሚያው ቀላል ነው። በፀሐይ የለሰለሰ ጎማ ከመኪናው ጫፍ ላይ ሲታጠፍ ይጣበቃል። ረጅም ጎማ መሬት ላይ ወጣ ገባ ብሎ ሲተኛ ደግሞ በጉብታው ላይ አየር ይታሰራል፤ ውኃውም ያንን አየር መግፋት ያቅተዋል። ከታንኩ እስከ ቧንቧው አፍ ሳያቋርጥ ቁልቁል እንዲወርድ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ ትርፉን ቁረጡት። የጎማውንም ውፍረት ተመልከቱ። ከ1 ኢንች ወደ ግማሽ ኢንች ሲጠብ የውስጥ ስፋቱ የሚወርደው በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው። በምንም ምክንያት ግን ውኃውን ለማስጀመር የጎማውን አፍ በአፋችሁ አትሳቡ። ሕዝቡ የሚጠጣው ከዚያው ነው።

መውጫው የተደፈነ እንደሆነ

ቫልቩ እጀታውን የሚያዞሩት ዓይነት ከሆነ፣ እጀታው ከቧንቧው ጋር ሲስተካከል ክፍት መሆን አለበት። ብሎኑ የተበላ እንደሆነ ግን እጀታው ሲዞር በውስጥ ያለው ኳስ በከፊል ብቻ ይዞራል። ከውጭ የተከፈተ የሚመስለው ቫልቭ በውስጡ ግማሽ ዝግ ነው።

ቫልቩ ደህና ከሆነ ቀሪው ደለል ነው። ከወንዝ ወይም ከኩሬ የተቀዳ ውኃ ጭቃ ይዞ ይመጣል፤ በየጉዞው ጥቂት በጥቂት ከታንኩ ሥር ይዘቅጣል። አዲስ ታንክም ንጹሕ ነው አይባልም፤ ቀዳዳው ሲበሳ የወጣው የፕላስቲክ ፍቅፋቂ በውስጡ ቀርቶ ከመውጫው አፍ ላይ ይከማቻል። ለቧንቧ መግጠሚያ የሚጠቀለለው ነጭ ቴፕም ተርፎ ወደ ውስጥ ሲገባ እንደ መጋረጃ ሆኖ ይዘጋል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ውኃው ጨው በሚበዛበት አገር ደግሞ ነጭ የድንጋይ ቅርፊት በቫልቩ ውስጥ ይጋገራል። ይህንን ቫልቩን ፈትቶ በአቼቶ ውስጥ ማሳደር ያለሰልሰዋል፤ ነገር ግን አቼቶና በረኪና ፈጽሞ አይገናኙ፤ ሲቀላቀሉ መርዘኛ ጋዝ ያወጣሉ።

ለማጽዳት ታንኩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መኪናውን በሜዳ ላይ አቁሙ፤ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ። ከሌላ ቧንቧ በግፊት የሚመጣ ውኃ ካላችሁ በመውጫው በኩል ወደ ውስጥ ልቀቁት፤ የደፈነው ነገር ወደ ኋላ ይበተናል። ከዚያም ቫልቩን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ክፈቱት። ዝቃጩ ተጠርጎ ይወጣል፤ ይህ ውኃ ለማንም መሰጠት የለበትም። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር ግን አትጠቀሙ፤ የፕላስቲክ ታንክ እንዲህ ላለው ግፊት አልተሠራም። ጎኑን ረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ብሩሽ እሹት። ሰው ወደ ውስጥ አይግባ፤ አየሩ ሊያፍን ይችላል፤ በተለይ ክሎሪን ከነበረበት።

የተከፈተና የተነካካ ታንክ ሳይታከም ወደ ሥራ አይመለስም። ሙሉት፤ 5 ከመቶ ክሎሪን አለው ተብሎ የተጻፈበት፣ ሽቶም ሳሙናም የሌለው በረኪና ከሆነ ለያንዳንዱ 1,000 ሊትር 1 ሊትር ጨምሩ፤ ለሮቶው 2 ሊትር ይሆናል። ይህ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሰጣል። ጎማውም እንዲያገኘው ጥቂት አፍስሱ፤ ከዚያ 24 ሰዓት ይቆይ። «አይጠጣም» የሚል ጽሑፍ ለጥፉበት። ሲፈስም ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ አይሂድ። በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ እንደ ወትሮው ለመጠጥ በሚሆን መጠን እንደገና ይታከማል።

ስለ ዳገቱም አንድ ነገር ልጨምር። የታንኩ ወርድ 1 ሜትር ከ40 ቢሆን ከመውጫው በታች የሚቀር 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ 77 ሊትር ያህል ነው፤ አራት ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። መኪናው መውጫው ባለበት ወገን ጥቂት አዘቅዝቆ ቢቆም አብዛኛው ይወጣል፤ ደለሉም አይከማችም።

መተንፈሻውን እንዴት እንሠራለን?

ክዳኑን ከፍቶ መተው ለልኬት እንጂ ለዘወትር አይሆንም። አቧራ፣ ትንኝ፣ የወፍ ኩስ ይገባል። የሚያስፈልገው አየር የሚያስገባ፣ ሌላውን ሁሉ የሚከለክል መተንፈሻ ነው። ከክዳኑ ላይ ቀዳዳ ብሱ፤ ፍቅፋቂው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ክዳኑን አውርዳችሁ ሥሩት። አጭር ቧንቧ ግጠሙበትና በሁለት ጎሚቶ አዙራችሁ አፉ ወደ ታች እንዲመለከት አድርጉ፤ ዝናብም አቧራም አይወርድበትም፤ የሚናወጠውም ውኃ በቀላሉ አይረጭበትም። በአፉ ላይ ትንኝ የማያሳልፍ የሽቦ ወንፊት አድርጋችሁ በፋሼታ እሰሩት። ወንፊቱ ራሱ የቀዳዳውን ብዙ እጅ ስለሚይዝ መተንፈሻው ከመውጫው ቢሰፋ ይሻላል። መውጫው 1 ኢንች ከሆነ 1 ኢንች ተኩል አድርጉት። አቧራ በበዛበት መንገድ ወንፊቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ካልታጠበ ራሱ ፌስታል ይሆናል።

ለማኅበረ ምእመናን ደግሞ ይህን እንላለን። «ውኃው አልወርድ አለ፤ ፓምፕ ይገዛልን» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ልባችን ቶሎ ይነካል፤ ገንዘቡም ይሰበሰባል። ፓምፕ የሚያስፈልግበት ስፍራ በእርግጥ አለ፤ ውኃው ወደ ላይ መገፋት ሲኖርበት። ነገር ግን መተንፈሻው በተወተፈ ታንክ ላይ ፓምፕ ቢገጠም የታንኩን ጎን ወደ ውስጥ ስቦ ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ በትሕትና መልሳችሁ ጠይቁ፤ ክዳኑ ተከፍቶ ጀሪካኑ በስንት ደቂቃ ሞላ? ሠራተኞቹም ይህን ጥያቄ እንደ ክፉ ጥርጣሬ አይቁጠሩት፤ ቁጥሩን ጽፈው ይላኩ። የአንድ ክንድ ወንፊት፣ ሁለት ጎሚቶና አንድ ፋሼታ ከፓምፕ ዋጋ ጋር አይወዳደሩም፤ ነዳጅም አይጠጡም።

ለውይይት

በእኛ ፕሮጀክት ያለው ታንክ መተንፈሻ አለውን? የት ነው? ወንፊቱን በመጨረሻ ያጠበው ማን ነው፣ መቼ? መኪናው ሲደርስ ክዳኑን የሚፈታ፣ ሲነሣም የሚያስር ሰው በስም ተመድቧልን? ባለፈው ሳምንት ከወረፋው ሳይቀዱ የሄዱ ሰዎች ነበሩን? ወዴት ሄዱ? ታንኩ ሙሉ ሳለ፣ ክዳኑም ተከፍቶ አንዱ ጀሪካን የሚሞላበትን ጊዜ ለኩና ቁጥሩን ከነቀኑ በታንኩ ጎን በቀለም ጻፉት፤ በሚመጣው ወር በዚያው ከፍታ ለክታችሁ አስተያዩ።